ቅቤ የተቀባው ቅጠል

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዛ ከባጃጅ ስትወርድ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ሳይሆን ቅጠሉን ነው። እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ቅጠል። ባለባጃጁ የተተከለበትን ማስቀመጫ በሁለት እጁ አቅፎ እስከ በረንዳዬ አደረሰላትና፣ "እናቴ፣ ይሄ ጎመን ቢሆን ኖሮ ሰፈሩን ሁሉ ያጠግብ ነበር" ብሎኝ ሄደ።

"ኢንዶር ፕላንት ነው እማዬ። አሁን ጎንደር ውስጥ ሳሎኑ የማያስቀምጥ ሰው የለም" አለችኝ ቤዛ። ከዚያ ስልኳን አወጣችና አያያዙን ታነብልኝ ጀመር። "ቀጥታ ፀሐይ አይወድም። ብርድ አይወድም። ውሃው..."

"ለብ ያለ ይሁን" አልኳት። "ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ከተሽ ደረቅ ካልሆነ አታጠጪው። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ሌላ ምንም ነገር እንዳትቀቢው።"

ቀና ብላ አየችኝ። እናቷ ጡረታ የወጣች ነርስ እንጂ አትክልተኛ እንዳልሆነች ታውቃለች። ከየት እንዳወቅሁት ስትጠይቀኝ "ደባርቅ" ብቻ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እሷም ቅጠሉን በመስኮቱ አጠገብ አቆመችው። ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ሳዞር ከረምኩ። በስልሳ ዓመቴ ከአንድ ቅጠል መሸሼ ለራሴም አስቂኝ ሆነብኝ፤ ስለዚህ በአራተኛው ቀን ቤዛን አስቀምጬ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። እዚህም የምጽፈው ያንኑ ነው።

ያን ጊዜ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዳባት ተወልጄ ዳባት ነው የተማርኩት። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት ስጠባበቅ አባቴ "ዝም ብለሽ ከምትቀመጭ እስከዚያ ሄደሽ አክስትሽን አግዢያት" ብሎ ደባርቅ ላከኝ። ለሁለት ወር ተብሎ ነው። ከዳባት ደባርቅ ያለው መንገድ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ሰው በአውቶቡስ ውስጥ የያዘውን ቆሎ ሳይጨርስ ይደርሳል። እኔ ግን ያንን መንገድ ጓዜን ይዤ ለመመለስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

አክስቴ እትዬ ውዴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነበር። ከባላቸው ሞት በኋላ አራት አልጋና አንድ ምግብ ቤት ያለው ቤት ብቻቸውን ያስተዳድሩ ነበር። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርዱ ሹፌሮች ከመውረዳቸው በፊት እዚያ ይበላሉ፤ ወጥተው የመጡት ደግሞ ክንዳቸው በመሪ ዝሎ ይገቡና የበግ ቅቅል ከገብስ ዳቦ ጋር ይቀርብላቸዋል። ሊማሊሞን የማይፈራ ሹፌር አይቻለሁ፤ እትዬ ውዴን የማይፈራ ግን አላየሁም።

ያላቸው አንድ ልጅ ነበር፤ አበጀ። እኔ ከመሄዴ ከሁለት ዓመት በፊት ቡና ሥራ አለ ብሎ ወደ ከፋ ወረደ። አንድ ጊዜ ለፋሲካ መጥቶ ነበር። ያኔ ነው ያንን ተክል በዘይት ጣሳ ተክሎ፣ ያን ሁሉ ቀን በአውቶቡስ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያመጣላቸው። ከጫካ ውስጥ ነው የነቀለው። "እማ፣ እኔ ያለሁበት አገር ይሄን ይመስላል። ዝናቡ አያባራም፤ ይሄ ቅጠል በትልልቅ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣል" አላቸው አሉ። ከተመለሰ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ተክሉን "የአበጀ አበባ" ነው የምንለው። አበባ አልነበረም፤ አንድም ቀን ሲያብብ አላየሁትም። እኛ ዘንድ ግን በጣሳ የተተከለ ነገር ሁሉ አበባ ነው፤ እንግዳው ሁሉ እየመጣ "መቼ ነው የሚፈነዳው?" ብሎ ይጠይቃል። እትዬ ውዴም "ባለቤቱ ሲመጣ" ብለው ይመልሱ ነበር።

እኔ በሐምሌ ስደርስ ሦስት ቅጠል ብቻ ቀርቶት ነበር። ሰው እንዲያየው ተብሎ ከበሩ አጠገብ፣ ነፋሱ መንገድ ላይ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከበርሜል የተቀዳ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ውሃ ይንቆረቆርበታል። ደባርቅ በሐምሌ ጉም ውስጥ ነው የሚኖረው፤ በር ሲከፈት ጉሙ ሰተት ብሎ ይገባል። የሞቀ አገር ተክል ምን ይሁን? እኔ ግን ይህን ሁሉ አውቄ አይደለም ያዳንኩት። ወለል ስጠርግ መንገድ ዘጋብኝና አንስቼ ጓዳ፣ ከማድ ቤቱ ጋር በሚጋራው ግድግዳ ሥር አስቀመጥኩት። ያ ግድግዳ ምድጃው ከወዲያ ስላለ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። እዚያው ረሳሁት። አልፎ አልፎ ዕቃ ካጠብኩበት የተረፈ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ደፋሁበት። አንድ ቀን ሳየው ከግንዱ ጫፍ እንደ ክታብ የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ወጥቷል።

እትዬ ውዴን ጠራኋቸው። መጥተው አዩ። ከዚያ እጄን ይዘው ሳሙት፤ ታላቅ የታናሽን እጅ ሲስም አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

"የአንቺ እጅ ነው" አሉ። "እጅሽ ለጽድቀት የተሠራ ነው ልጄ። ከዛሬ ወዲህ ከአንቺ በቀር የሚነካው የለም። ይሄው፣ አበጀ ደኅና ነው ማለት ነው።"

ለአንድ ሳምንት ያህል በኩራት አብጬ ከረምኩ። ሹፌሮቹ ሳይቀሩ "እጀ መልካሟ" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ ሁለቱ ወር አልቆ "እንግዲህ ልሂድ" ስል ነው። እትዬ ውዴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። "ሂጂ፤ ማን ከለከለሽ" አሉኝ፤ ከዚያ ወደ ጓዳው አዩ፤ ከዚያ እንባቸው መጣ።

በእሳቸው ሐሳብ ነገሩ ግልጽ ነበር። አበባው ካለ አበጀ አለ። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ከልጃቸው ደብዳቤ የመጣ ያህል ነው፤ የዚያን ዕለት ለነዳያን ዳቦ ይሰጣሉ። አንዱ ጫፍ ከጠወለገ ምግብ አይበሉም። የንስሐ አባታቸው አንድ ቀን ለጠበል ጸዲቅ መጥተው ነገሩን ቢሰሙ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ "ወይዘሮ ውዴ፣ የልጅዎ ነፍስ ያለችው በእግዚአብሔር እጅ ነው እንጂ በዘይት ጣሳ አይደለም" አሏቸው። እትዬ ውዴም "እውነትዎን ነው አባቴ" ብለው ጉልበት ሳሙ። ቄሱ እንደወጡ ግን ወደ እኔ ዞረው "ዛሬ አጠጥተሽዋል?" አሉኝ።

ቀኔ በዚያ ተክል ዙሪያ ታሰረ። ማድ ቤቱ እሳት ሲያጣ ጓዳው ስለሚበርድ ከሰል የማቀጣጥለው እኔ ነኝ። አልጋዬም እዚያው ነበር፤ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ያህል ነው። ውሃውን የማሞቅ፣ መስኮቱን የመዝጋት፣ ጭስ ሲበዛ መልሶ የመክፈት ሥራ የእኔ ሆነ። ከቤት ውጭ ማደር ፈጽሞ አይታሰብም። የታላቅ እኅቴ ሠርግ በጥር ዳባት ሲሆን በጠዋቱ አውቶቡስ ሄጄ፣ ሙሽራው ሳይደርስ፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ሳይዘፈንባቸው፣ በስምንት ሰዓቱ መኪና ተመለስኩ። እኅቴ በተከለለላት ክፍል ተቀምጣ "ለቅጠል ብለሽ?" አለችኝ። በመንገድ ላይ የሠርጉን ከበሮ ከኋላዬ ስሰማ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሬሳ የምሸኝ መስሏቸው "እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሥራውን እየቻልኩት መሄዴ ነው። በገበያ ቀን ከእኛ ዘንድ የሚያርፍ አቶ ደምሌ የሚባል የግብርና ባለሙያ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሽሮ እንጂ ሌላ የማያዝ ሰው። አንድ ቀን ጓዳው በር ላይ ቆሞ ተክሉን ብዙ ካየ በኋላ "ይሄ እዚህ መኖር አልነበረበትም" አለ። ከዚያ ቅጠሉን ገልብጦ አሳየኝ። "የሚተነፍሰው በዚህ ነው። አቧራና ጥላሸት ከያዘው ይታፈናል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ ሌላ ነገር አታስነኪው። አጠገቡ ውሃ ቢንተከተክ እንፋሎቱን ይወደዋል።" እንዳለው አደረግሁ። ሦስቱ ቅጠል ዐሥራ አንድ ሆነ። ከግንዱ ክር የመሰለ ሥር እያወጣ ግድግዳውን ይዳስስ ጀመር። በደንብ በያዝኩት ቁጥር የምታሰርበትን ገመድ በገዛ እጄ እየገመድኩ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ውሃ የጠማውን ነገር እያዩ ማለፍ እንዴት ይቻላል?

በሁለተኛው መስከረም ጎንደር ለነርስነት ሥልጠና እንደተመረጥኩ የሚገልጽ ወረቀት ዳባት፣ አባቴ ዘንድ ደረሰ። አባቴ ይዞት መጣ። ከእኅቱ ጋር ደጅ ላይ ተቀምጠው አሹቅ እየቆረጠሙ ብዙ አወሩ። እኔ ከውስጥ ሆኜ እጠብቅ ነበር። ሲገባ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

"ልጄ፣ ትምህርት የትም አይሄድም" አለኝ። "የአክስትሽ እንባ ግን ይከተልሻል። ታላቅ አስለቅሶ የተማረ አይባረክም። ይሄን ዓመት ታገሺ።"

ታገስኩ። ምን ላድርግ? የአባት ምርቃት ሳይዙ መንገድ መውጣት በእኛ ቤት የማይታሰብ ነገር ነበር። ቀኑ አለፈ። ያን ዓመት በኅዳር ውርጩ የድንቹን ቅጠል ሁሉ አመድ አስመስሎት ነበርና፣ አንድ ማለዳ የጓዳውን መስኮት ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ብርዱ ገባ። እዚያው ቆሜ "በቃ፣ ሙት" አልኩት። እስከ ዐሥር እንኳ አልቆጠርኩም፤ መልሼ ዘጋሁትና በነጠላዬ ሸፈንኩት። እጠላው ነበር። ደግሞም ከእኔ ሌላ ሰው እንደሌለው ስለማውቅ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ሁለተኛው ጥሪ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ነው፤ ይህኛው በቀጥታ ለእኔ ደረሰኝ። እስከ የካቲት አጋማሽ ድረስ እንድመዘገብ፣ ካልተገኘሁ ግን ቦታዬ ለሌላ እንደሚሰጥና ሦስተኛ ጥሪ እንደማይኖር የሚገልጽ ነበር። ወረቀቱን ፍራሼ ሥር አስገብቼ ለማንም አልተናገርኩም። ለማን እናገራለሁ? አባቴ የሚለውን አውቃለሁ። እትዬ ውዴ የሚያደርጉትንም አውቃለሁ። ማታ በላዩ ላይ ተኝቼ ቀኑን እቆጥራለሁ።

በጥምቀት ሰሞን ነው ነገሩ የሆነው። ከጥምቀተ ባሕር ተመልሰን፣ እትዬ ውዴ ለራሳቸው ለጋ ቅቤ አውጥተው ፀጉራቸውን ተቀቡ። የጥር ነፋስ ደረቅ ነው፤ የሰውም ከንፈር፣ የበሬም አፍንጫ ይሰነጥቃል። የተክሉም ቅጠል ዳር ዳሩ ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። እኔ እርጥብ ጨርቄን ይዤ ልጠርገው ወደ ጓዳ ስመጣ፣ እሳቸው ቀድመውኝ ገብተዋል። መዳፋቸው ላይ የተረፈውን ቅቤ በጣታቸው እየወሰዱ ቅጠሉን ይቀባሉ። አንድ በአንድ፣ ከላይም ከታችም፣ የሕፃን ልጅ አናት እንደሚቀባ አድርገው።

"ራሱ ደርቆበት" አሉ፣ ዞር ሳይሉ። "ልጄ ራሱ ደርቆበት እኔ የራሴን እቀባለሁ።"

በሩ ላይ ቆምኩ። አቶ ደምሌ ያለኝን አንድም ቃል አልረሳሁም። "እትዬ፣ ይታፈናል" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ወይም በማግስቱ፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ በለብታ ውሃና በሳሙና ማጠብ ይቻል ነበር። ሁሉንም አውቃለሁ። ጨርቁን ከኋላዬ ደበቅሁ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ነቀዘ። የከሰሉ ጥላሸትና አቧራው ቅቤው ላይ ተለጠፈ። ጉንዳን መጣ። ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከዚያ ጥቁር እየሆነ ይወርድ ጀመር። እትዬ ውዴ በየቀኑ "ምን ነካው ስንዱዬ?" ይሉኛል፤ እኔም "ብርዱ ይሆናል እትዬ" እላለሁ። ይህን ስል ድምፄ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ እሱ ነው እስካሁን የሚገርመኝ። ደግሞ ቅቤ ጨመሩለት። በጥር መጨረሻ ዐሥራ አንዱም ቅጠል አልቆ የተቆረጠ ጅራት የመሰለ ግንድ ብቻ ቀረ።

ያን ጠዋት እትዬ ውዴ ጮኸው አላለቀሱም። ሳጥናቸውን ከፍተው ነጭ ነጠላቸውን አወጡና ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ለበሱ። በእኛ አገር ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሞተ ሰው ብቻ ነው። በሕይወት ላለ ሰው ማዘቅዘቅ ሞትን በስም መጥራት ነው፤ ልጆች ለቀልድ እንኳ ሲያደርጉት በኩርኩም ነው የሚባሉት። ማንም መርዶ አላረዳቸውም። ለቀስተኛ አልጠሩም። ምግብ ቤቱን ከፍተው፣ ነጠላውን እንዳዘቀዘቁ ለሹፌሮች ቅቅል ያወጡ ነበር፤ ሹፌሮቹም ሳይጠይቁ አጎንብሰው በልተው ይወጡ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሽንኩርት እየከተፍን ሳለን፣ "በገዛ እጄ ነው የፈጀሁት መሰለኝ" አሉ። ቢላዬን አላቆምኩም።

እንዲህ ሆነን ከሳምንት በላይ ቆየን። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ፍራሽሽ ሥር ወረቀት አለ" አሉኝ። "ማንበብ ባልችልም ማኅተም ማየት አያቅተኝም። መቼ ነው ቀኑ?"

ነገርኳቸው።

"ሂጂ። እዚህ የሚያስቀምጥሽ ነገር የለም። አባትሽን እኔ እነግረዋለሁ።" ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት፣ እስከ ልጅ ልጆቼ የሚደርስ። እኔ ከሥር ሆኜ "አሜን" እያልኩ እንደ እሳት ይፋጀኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ጓዜን ስሸክፍ ጣሳውን ልደፋው አነሳሁ። ከግንዱ ሥር፣ ከአፈሩ ጋር ትይዩ፣ የጥፍር ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየሁ። ሥሩ አልሞተም ነበር። ተንበርክኬ አየኋት። ሮጬ ብነግራቸው ነጠላቸውን ገልብጠው ይለብሳሉ፤ ልጃቸው ከሞት ይነሣላቸዋል። ያቺ ቡቃያ ግን ሙቀት ትፈልጋለች፣ ለብታ ውሃ ትፈልጋለች፣ እጅ ትፈልጋለች። የማንን እጅ? በመጨረሻ በሁለት ጣቴ አፈር ቆንጥሬ ሸፈንኳት። ጣሳውን ቦታው መለስኩ። ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣሁ። እትዬ ውዴ፣ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ፣ የገብስ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው በመስኮት አቀበሉኝ። ዳባትን ሳልፍ ከመኪናው አልወረድኩም፤ ዳቦውን ጎንደር ደርሼ ለማላውቀው ሰው ሰጠሁት።

ተማርኩ። ነርስ ሆንኩ። ቆላ ተመደብኩ፤ ሙቀቱን ወደድኩት። ለዓመት በዓል ዳባት ስመጣ ደባርቅ ላለመሄድ የማልፈጥረው ምክንያት አልነበረም። አንድ ጊዜ ተረኛ ነኝ፣ አንድ ጊዜ አሞኛል፣ አንድ ጊዜ መኪና አጣሁ። አራት ዓመት እንዲህ ሸሸሁ። በአምስተኛው እትዬ ውዴ ጉልበታቸው ታሞ መውጣት እንዳቃታቸው አባቴ ነገረኝና፣ ነርስ ሆኜ ምን ምክንያት ላቅርብ፣ መድኃኒት ይዤ ሄድኩ።

ጓዳ ተኝተው አገኘኋቸው። በራስጌያቸው፣ በዚያው በሞቀው ግድግዳ ሥር፣ ተክሉ አንድ የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ወጥቶ ጣሪያ ደርሷል። ቅጠሉ ትራሳቸው ላይ ጥላ ጥሎ ነበር። አንዱም አቧራ አልነበረበትም። ደፉ ላይ ቀረሁ።

"ግቢ እንጂ፤ አይነክስሽም" አሉኝ።

ጉልበታቸውን አየሁ፤ አሸሁላቸው፤ መድኃኒቱን ሰጠሁ። ሌላ ሌላ አወራን። ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

"ቅዳሜ ነው ያየሁት" አሉ።

"ምኑን እትዬ?"

"ቡቃያውን። ቅዳሜ አየሁት፤ እሁድ ሂጂ አልሁሽ። ማክሰኞ አንቺን ሸኝቼ ስመለስ ደግሞ አፈር ለብሶ አገኘሁት።" በለሆሳስ ነበር የሚናገሩት፤ ቁጣ የለበትም። "እኔም አፈሩን አነሣሁለት። እጅ እጅ ስልሽ ኖርሁ እንጂ ለካስ እኔም እጅ ነበረኝ።"

ወደ አእምሮዬ የመጣው ያ ነጠላ ብቻ ነው። "ታዲያ ነጠላውን..." አልኩ።

"ብገለብጠው ትጠይቂኝ ነበር። ከጠየቅሽኝ ልነግርሽ ነው። ከነገርሁሽ ልትቀሪ ነው።" ከዚያ "ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ለበስሁት" አሉ።

አበጀ አልመጣም። እትዬ ውዴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ፤ እሳቸው እስኪሞቱ ደብዳቤም፣ ሰውም፣ መርዶም አልመጣም። ተክሉ ቅጠል ማውጣቱን አላቆመም። ለነዳያን የሚሰጡትን ዳቦ ግን ትተውት ነበር። ያን ጊዜ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። አሁን፣ የእሳቸው ዕድሜ ላይ ስደርስ፣ የሚመስለኝ ይህ ነው፦ በሕይወት አለ ብለው ለሚያምኑት ልጅ እያወቁ ሦስት ቀን ሐዘን ለበሱ፤ ከዚያ በኋላ ሳይመጣ በቀረ ቁጥር እነዚያን ሦስት ቀናት ሳይቆጥሩ አልቀሩም። የሠሩት ክፉ ነገር እንዳልነበረ፣ የተዘቀዘቀው ነጠላቸው ሞትን ወደ ልጃቸው እንዳልጠራ፣ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ያንን የሚያውቅ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤዛ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስልኳ እንኳ ሁለት ጊዜ ጠርቶ አላነሣችም። ስጨርስ "ቅቤውን ነገርሻቸው?" አለችኝ።

አልነገርኳቸውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየበዓሉ እየሄድኩ ጉልበታቸውን እያሸሁ፣ አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ቡቃያዋን መሸፈኔን ስላወቁ ሁሉንም እንዳወቁ እያስመሰልኩ ራሴን አታለልኩ። እሳቸው ግን እኔ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ሳይሰሙ፣ በገዛ እጃቸው ብቻ የፈጁት እንደመሰላቸው ነው የሞቱት። እኔን ለመልቀቅ የልጃቸውን ሐዘን ለበሱ፤ እኔ እሳቸውን ለማሳረፍ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። አሁን ለልጄ ነገርኳት፤ ለእናንተም ጻፍኩት። መስማት የነበረባቸው ግን እሳቸው ነበሩ።